በጅማ መርካቶ አቅራቢያ ያለ የመንፈሳዊ መጻሕፍት መደብር፦ በመደርደሪያው ላይ ያለውና የሌለው

ጅማ ውስጥ መንፈሳዊ መጽሐፍ የሚሸጥበት ቦታ አይታጣም። በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ዙሪያ ካሉት ሱቆች መዝሙረ ዳዊት፣ ውዳሴ ማርያም፣ ጧፍና ዕጣን በቀላሉ ይገኛሉ፤ የስብከትና የምስክርነት መጻሕፍትም በየአዳራሹ ደጃፍ ይዘረጋሉ። ነገረ መለኮትንና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናትን በቁም ነገር የያዘ አንባቢ ግን ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ፈልጎ ዝርዝር ከመስጠት በቀር ሌላ መላ እምብዛም አልነበረውም። ከጅማ መርካቶ ወጣ ብሎ ያለው ይህ መደብር የተከፈተው ለእንዲህ ዓይነቱ አንባቢ ይመስላል። ከበሩ በላይ «መንፈሳዊ መጻሕፍት» ከሚል ጽሑፍ በቀር ሌላ ስም የለውም።

መደብሩን ከሌሎች የሚለየው የመጻሕፍቱ አደራደር ነው። እንደተለመደው የኦርቶዶክሱ በአንድ ጥግ፣ የፕሮቴስታንቱ በሌላ፣ የካቶሊኩ ከተገኘም ከታች አልተቀመጠም፤ ሁሉም የተሰደረው በሚያነሣው ጉዳይ ነው። የማቴዎስ ወንጌል አንድምታ፣ ማለትም የኦርቶዶክስ ሊቃውንት ጥንታዊ ትርጓሜ፣ በቅርብ ዘመን ከተጻፉ የወንጌል ማብራሪያዎች ጎን ቆሟል፤ በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሰማንያ አንድ መጻሕፍት የያዘው የኦርቶዶክሱ ሰማንያ አሐዱና በ1993 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ መደበኛ ትርጉምም በአንድ ረድፍ ላይ ናቸው። ይህ ሁሉንም ደንበኛ እንደማያስደስት ግልጽ ነው። ለልጃቸው መጽሐፍ ሊገዙ የገቡ አንዲት እናት መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ካዩ በኋላ «የእኛው የትኛው ነው ልጄ?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። ባለሱቁም «እማማ፣ ይቀመጡና አንድ በአንድ ላሳይዎት» ብሎ በርጩማ አቀረበላቸው። የእናትየው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ አንድ ሰው ሳያውቅ ከእምነቱ ጋር የማይስማማ ትምህርት ገዝቶ እንዳይሄድ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ አሳታሚውን የሚገልጽ ትንሽ ወረቀት ቢለጠፍ ችግሩ ይቃለል ነበር። አደራደሩ ግን መለወጥ የለበትም እላለሁ፤ የሌላውን አስተያየት ሳያይ የራሱን ብቻ የሚያነብ ሰው የሚሟገተው ባላነበበው መጽሐፍ ላይ ነውና።

የዚህ አደራደር ጥቅም ጎልቶ የሚታየው የመጻሕፍት ቀኖናን፣ ማለትም የትኞቹ መጻሕፍት ከቅዱሳት መጻሕፍት ይቆጠራሉ የሚለውን፣ በሚመለከተው ረድፍ ላይ ነው። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ግእዙና አማርኛው ጎን ለጎን ሆነው ታትመው ይሸጣሉ። ሁለቱም መጻሕፍት ምሉእ ሆነው የተገኙት በግእዝ ብቻ መሆኑ የታወቀ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የሄኖክን የብራና ቅጂዎች ከኢትዮጵያ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1773 አውሮፓ ደረሰ፤ ሪቻርድ ሎረንስም እ.ኤ.አ. በ1821 መጽሐፉን በእንግሊዝኛ አወጣው። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት ጥቅሎች መካከል የሄኖክ የአራማይክ፣ የኩፋሌም የዕብራይስጥ ቁርጥራጮች በመታወቃቸው፣ ሊቃውንቶቻችን ጠብቀው ያቆዩት ጽሑፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት ይነበብ እንደነበር ተረጋገጠ። ይሁን እንጂ ከሄኖክ ምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው፣ «የሰው ልጅ» ስለተባለው ሰማያዊ ዳኛ የሚናገረው ክፍል፣ በቁምራን አልተገኘም፤ ስለዚህም ያ ክፍል መቼ እንደተጻፈ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። የይሁዳ መልእክት በቁጥር 14 ሄኖክን ከመጥቀሱ ጋር ተዳምሮ፣ ይህ አንድ ተማሪን ለወራት የሚያሠራ ርእስ ነው።

ታዲያ ከእነዚህ መጻሕፍት ጎን «የተደበቀው ምስጢር» በሚል መንፈስ የተጻፉ ቀጫጭን መጻሕፍት መደርደራቸው ያሳዝናል። ሄኖክ በእኛ ዘንድ መቼ ተደብቆ ያውቃል? የብሉይ መምህራን ሲያስተምሩት፣ ደብተራው ሲጠቅሰው የኖረ መጽሐፍ ነው። ባለሱቁ እነዚህን የሚያመጣው ቶሎ ስለሚሸጡ ነው፤ የቤቱን ኪራይ የሚከፍሉለትም እነሱ መሆናቸውን አልሸሸገም።

ሌላው ነቀፌታዬ የኅትመት ጥራትን ይመለከታል። ከአንድምታዎቹ መካከል አንዳንዶቹ ከቀድሞ ኅትመት በፎቶ ኮፒ የተባዙ ናቸው። ከገዛሁት ላይ የግእዙ ንባብ በደማቁ ሲነበብ፣ ከሥሩ «አንድም» እያለ የሚወርደው የአማርኛ ሐተታ በብዙ ገጾች ላይ ደብዝዟል፤ በጥራዙ በኩል ያሉት ፊደላትም ተውጠዋል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ሳይገልጡ መግዛት አይገባም። ባለሱቁ ግን ቅር ሳይለው ለወጠልኝ። ዋጋው በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በእርሳስ ስለተጻፈ ክርክር የለም።

ደካማው ረድፍ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ማኅበረሰብ የሚለው ነው። የተሞላው ስለ ትዳር፣ ስለ ገንዘብና ስለ ስኬት በሚመክሩ መጻሕፍት ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ወንጌልን መስበክና ለሰው ልማት መሥራት ሊነጣጠሉ እንደማይገባ የገለጸችበት ደብዳቤ ከአገራችን ወጥቶ በዓለም የነገረ መለኮት መድረኮች ብዙ ያነጋገረ ሰነድ ነው፤ ቄስ ጉዲናም እ.ኤ.አ. በ1979 በደርግ ዘመን ተገድለዋል። ስለዚህ የሚናገር አንድ መጽሐፍ እንኳ አላገኘሁም። በኦርቶዶክሱም በኩል ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር በማኅበራዊ ኑሮ ስላላቸው ድርሻ የሚያጠና የለም። እንደ ጅማ ባለ፣ ብዙ ሙስሊሞች በሚኖሩበትና በሰፈር ዕድር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው በሚቀብሩበት ከተማ፣ ስለ አብሮ መኖር በክርስቲያናዊ ትምህርት ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ መጽሐፍ ከሁሉ በፊት መምጣት ነበረበት።

በአፋን ኦሮሞ ያለው ክምችትም መጽሐፍ ቅዱስና የመዝሙር መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ሁለቱም በቁቤ የታተሙ ናቸው። ተርጓሚው ኦኔሲሞስ ነሲብ ከረዳቱ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት ሙሉ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ፣ በቅዱስ ክሪሾና ታትሟል። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎ በቋንቋው የተዘጋጀ የማብራሪያ መጽሐፍ በጅማ መደርደሪያ ላይ መጥፋቱ የመደብሩ ብቻ ሳይሆን የአሳታሚዎችም ጥፋት ነው።

አገልግሎቱን በተመለከተ፣ በመስኮቱ በኩል ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማንበብ ይፈቀዳል፤ የጅማ ዝናብ በሚበረታበት ወቅት ግን ትላልቆቹ ጥራዞች ከእርጥበት ለመከላከል በላስቲክ ስለሚጠቀለሉ ለማየት አስፈትቶ ነው። የሌለ መጽሐፍ በግማሽ ቀብድ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣል። የሚያዝ ሰው የኅትመቱን ዓመት ጭምር ጽፎ ይስጥ፤ አለዚያ የሚመጣለት በዚያ ሳምንት ገበያ ላይ የተገኘው ነው።