ኮሌጅ ኳስ ለሚፈልግ ልጅ፦ ከ28ቱ ቦታ ሕግ በኋላ የትኛው በር ያዋጣል?

በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ቅዳሜ ጠዋት ልጆቻችንን ሜዳ የምናደርስ ወላጆች የምንጠያየቀው አንድ ነገር ነው። «ስኮላርሺፕ ያገኝ ይሆን?» ከሁለት ዓመት በፊት የሰማችሁት መልስ ዛሬ አይሠራም። ሕጉ ተቀይሯል። ለአንዳንዱ ልጅ በር ከፍቷል፤ ለብዙው ግን አጥብቧል። ስለዚህ አማራጮቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የድሮውን እናስታውስ። በዲቪዥን 1፣ ማለትም ከሦስቱ የኮሌጅ ስፖርት ደረጃዎች በከፍተኛው፣ አንድ የወንዶች እግር ኳስ ቡድን የሚፈቀድለት 9.9 ስኮላርሺፕ ነበር። የሴቶቹ 14። አሠልጣኙ ይህን እንደ ዳቦ ይቆርሰዋል። 9.9ን ለ28 ልጅ ብታካፍሉት ለአንዱ የሚደርሰው ከሲሶ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ለሴቶቹ ግማሽ። በሌላ በኩል የልጆቹ ቁጥር ገደብ አልነበረውም። አሠልጣኙ ከ30 በላይ ልጅ መያዝ ይችል ነበር። ያለ ገንዘብ የሚገቡት፣ ዎክ ኦን የሚባሉት፣ በዚያ በር ነበር የሚገቡት።

ጁን 6 ቀን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን፣ አትሌቶች የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩን ኤን ሲ ኤ ኤን ከሰው የደረሱበትን፣ የሃውስ ስምምነት የሚባለውን አጸደቁ። ከጁላይ 1 ጀምሮ ስምምነቱን በተቀበሉ ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፕ ገደቡ ተነሣ። በምትኩ የሮስተር ገደብ መጣ። ሮስተር ማለት በቡድኑ የሚመዘገቡት ልጆች ዝርዝር ነው። ለወንዶችም ለሴቶችም 28። ዳኛዋ በኤፕሪል ስምምነቱን ሳያጸድቁ ያቆዩት በዚሁ ምክንያት ነው። ገደቡ ገና ሳይጸና ከቡድን የተቀነሱ ልጆች ነበሩ። በመጨረሻ ለእነዚያ ልጆች ከቁጥሩ ውጭ የመቆየት መብት ተሰጣቸው። ዛሬ ሃይስኩል ያለው ልጃችሁ ግን ያ መብት የለውም።

«ታዲያ 28ቱም ሙሉ ስኮላርሺፕ ያገኛሉ ማለት ነው?» ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። ሕጉ ፈቀደ እንጂ ገንዘብ አላመጣም። በ2025–26 አንድ ትምህርት ቤት ለአትሌቶቹ በቀጥታ መክፈል የሚችለው ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። አዲስ የሚጨመር ስኮላርሺፕም እስከ 2.5 ሚሊዮን ድረስ ከዚያው ጣሪያ ላይ ይቆጠራል። ከዚህ ገንዘብ አብዛኛው የሚሄደው ወደ አሜሪካን ፉትቦልና ወደ ቅርጫት ኳስ ነው። ስለዚህ አንዱ አሠልጣኝ በእጁ የ20 ልጅ ሙሉ ወጪ ሊኖረው ይችላል። ጎረቤቱ ግን ያው የድሮው 9.9 ላይ ነው፤ አንዳንዱ እሱም ሞልቶ አያውቅም። ሁለቱም «ዲቪዥን 1 ነን» ይላሉ። ልዩነቱን የምታውቁት ጠይቃችሁ ብቻ ነው።

ስምምነቱን የተቀበለ ወይስ ያልተቀበለ?

ይህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። እንደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ፣ ቢግ ቴን በሚባለው ትልቅ ሊግ የሚጫወቱ ትምህርት ቤቶች በስምምነቱ ውስጥ ናቸው። እዚያ ገንዘብ ሊበዛ ይችላል፤ ቦታው ግን 28 ነው። ከዚያ ላይ የትራንስፈር ፖርታሉን፣ ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች የሚመዘገቡበትን ዝርዝር፣ ጨምሩበት። አሠልጣኙ አንዷን ባዶ ቦታ ለ17 ዓመት ልጅ ከሚሰጥ፣ ሁለት ዓመት ኮሌጅ የተጫወተ የ20 ዓመት ልጅ ቢያመጣ ይመርጣል። በወንዶቹ ደግሞ ከአውሮፓና ከሌላውም ዓለም የሚመጡ፣ በዕድሜ የበሰሉ ተጫዋቾች ብዙ ናቸው። ልጃችሁ የሚወዳደረው ከክለቡ ጓደኞች ጋር ብቻ አይደለም።

ያልተቀበሉት ዘንድ የድሮው ሕግ ይሠራል። 9.9 እና 14 እንዳሉ ናቸው፤ የ28 ገደብ የለም። ዎክ ኦን ሆኖ መግባት፣ አንድ ዓመት ታግሦ ማደግ አሁንም ይቻላል። ዘግይቶ ለሚያድግ ልጅ፣ በ16 ዓመቱ ገና ሰውነቱ ላልጠነከረ ልጅ፣ እኔ ይህን በር እመርጥለታለሁ። የዛሬ አሠልጣኝ ባለ 28 ሮስተር ይዞ ልጅ የሚያሳድግበት ጊዜ የለውም።

ካልተቀበሉት መካከል እንደ ሃርቫርድ ያሉ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ያሉበት አይቪ ሊግ አለ። አይቪዎች ድሮም የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። የሚሰጡት በቤተሰብ ገቢ ነው፤ እሱም ብዙ ነው። ለምሳሌ ሃርቫርድ ከ2025–26 ጀምሮ ገቢው 100,000 ዶላርና ከዚያ በታች ለሆነ ቤተሰብ ነፃ ነው፤ እስከ 200,000 ለሚያገኝ ደግሞ የትምህርት ክፍያ የለም። ኡበር ለሚነዳ አባትና በሆስፒታል ለምትሠራ እናት ይህ ከየትኛውም የኳስ ስኮላርሺፕ ይበልጣል። መግባቱ ግን ከባድ ነው፤ ውጤቱ ካልጠነከረ አሠልጣኙ ቢወደውም አይረዳውም።

ዲቪዥን 1 ወይስ ዲቪዥን 3?

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይሳሳታል ብዬ አምናለሁ። ዲቪዥን 3 የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ጀርባቸውን ይሰጣሉ። ባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ ግን በእግር ኳስ ዲቪዥን 3 ነው። ኤም አይ ቲም እንዲሁ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች በቤተሰብ ገቢ፣ ሌሎች ብዙ የዲቪዥን 3 ኮሌጆች ደግሞ በትምህርት ውጤትም ትልቅ ገንዘብ ይሰጣሉ። ያ ገንዘብ ከኳስ ጋር አልተያያዘም። ልጁ ጉልበቱን ቢጎዳ፣ አሠልጣኙ ቢቀየር፣ አይነካም።

በቁጥር እንየው። እንበል አንድ የዲቪዥን 1 የግል ኮሌጅ ዓመታዊ ወጪው 80,000 ነው። ልጃችሁ 35 በመቶ ስኮላርሺፕ አገኘ። ሠፈር ሙሉ ደስ አለው፤ ኬክ ተቆረሰ። የቀረው 52,000 ነው፤ በየዓመቱ። የክልላችሁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያለ ምንም ስኮላርሺፕ ወጪው 30,000 ቢሆን፣ «ስኮላርሺፕ ያገኘው» ልጅ ወጪ በ22,000 ይበልጣል። ስለዚህ በመቶኛው አትደሰቱ። ከኪሳችሁ የሚወጣውን ጠይቁ። እያንዳንዱ ኮሌጅ በድረ ገጹ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር አለው። ገቢያችሁን አስገብታችሁ ግምቱን ታያላችሁ። አሠልጣኝ ከማነጋገራችሁ በፊት አንድ ምሽት ለዚህ ስጡ።

ፋፍሳም፣ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ መጠየቂያ ፎርሙ፣ አይረሳ። ዜጋ የሆነ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት የተፈቀደለት ልጅ መሙላት ይችላል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ግን የፌዴራል እርዳታ አያገኝም። ለእሱ ኮሌጁ ከራሱ ኪስ የሚሰጠው ገንዘብ ወሳኝ ነው።

የቀሩት በሮች

ዲቪዥን 2 ለወንዶች 9፣ ለሴቶች 9.9 ስኮላርሺፕ አለው። የሃውስ ለውጥ አልነካውም። ከስፖርቱ ትንሽ፣ ከትምህርቱ ትንሽ አድርገው ይገጣጥማሉ። ከእነዚህ የመንግሥት የሆኑት ወጪያቸውም ይቀላል። ኤን ኤ አይ ኤ የሚባለው ሌላ ማኅበር ለአንድ ቡድን እስከ 12 ይፈቅዳል።

የሁለት ዓመት ኮሌጅ ደግሞ አለ። ወላጆቻችን እንደ ውድቀት ያዩታል፤ ያሳዝነኛል። አሠልጣኞች የበሰለ ልጅ በሚፈልጉበት በዚህ ጊዜ ሁለት ዓመት ተጫውቶ፣ ክሬዲቱን ሰብስቦ መሸጋገር ጥሩ መንገድ ነው። ልጁ ከቤት እየተመላለሰ ይማራል። ክሬዲቱ የሚሻገር መሆኑን ግን አስቀድማችሁ አጣሩ።

የሴቶች ጉዳይ ለብቻው ይታይ። በዲቪዥን 1 የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ያላቸው ከ300 በላይ ናቸው፤ የወንዶች ከ200 ትንሽ ቢበልጡ ነው። ትልቁ የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ ኤስ ኢ ሲ የወንዶች እግር ኳስ ውድድር ጭራሽ የለውም። ስለዚህ ሴት ልጅ ያላችሁ ለዲቪዥን 1 ሰፋ አድርጋችሁ ፈልጉ። ወንድ ልጅ ያላችሁ ገና ከመነሻው ዲቪዥን 2ን እና 3ን ዝርዝራችሁ ውስጥ አስገቡ።

ከአሠልጣኙ ፊት

የዲቪዥን 1 አሠልጣኞች ልጁን በቀጥታ ማነጋገር የሚችሉት 10ኛ ክፍልን ከጨረሰ በኋላ፣ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የሚመጣ የካምፕ ግብዣ ማስታወቂያ ነው፤ ገንዘብ ከፍላችሁ ብትልኩት ክፋት የለውም፤ ግን ምልመላ አይደለም።

ድሮ ልጆች የሚፈርሙት ናሽናል ሌተር ኦፍ ኢንቴንት በኦክቶበር 2024 ቀርቷል። አሁን የሚፈረመው የፋይናንስ እርዳታ ስምምነቱ ራሱ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። «ቦታ አለህ» የሚለው የአሠልጣኝ ቃል እስኪፈረም ድረስ አያስርም።

ስትገናኙ በትሕትና፣ ግን ሳታፍሩ ጠይቁ። ትምህርት ቤቱ የሃውስን ስምምነት ተቀብሏል? ልጄ ከ28ቱ ውስጥ ነው ወይስ በልምምድ ወቅት ታይቶ የሚወሰንለት? የመጀመሪያው ጨዋታ ሳይደርስ ስንት ልጅ ትቀንሳላችሁ? በእሱ ቦታ የሚጫወቱ ስንት አሉ፣ ስንተኛ ዓመት ናቸው? ባለፈው ዓመት ከፖርታል ስንት አመጣችሁ? ገንዘቡ የአንድ ዓመት ነው ወይስ የአራት? ከቡድን ቢቀነስ ገንዘቡ ይቀጥላል? ጥሩ አሠልጣኝ በእነዚህ አይቆጣም። የሚቆጣውን በዚያው ታውቁታላችሁ።

ለልጁም አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፤ መኪና ውስጥ፣ ብቻችሁን ስትሆኑ። ኳስ ነገ ቢቆም እዚህ ትምህርት ቤት መቆየት ትፈልጋለህ? «አይ» ካለ፣ ሌላ ኮሌጅ ፈልጉ።