ለቻርጀር ኬብሌ ዘብ ላቆሙልኝ ባለሙያ

ሰሚት አካባቢ በኮንዶሚኒየም ለምትኖሩና የኤሌክትሪክ መኪና በግቢ ለምታሳድሩ ሁሉ፦ ባለፈው ሚያዝያ አንድ ማለዳ ወደ ሥራ ለመሄድ ስወርድ፣ የቻርጀሩ ራስ መኪናዬ ላይ እንደተሰካ፣ ከኋላው የተንጠለጠለው ኬብል ግን አንድ ስንዝር ብቻ ቀርቶ አገኘሁት። መኪናው የራሱን ጫፍ ቆልፎ ስለያዘ ሌባው እዚያው ላይ ቆርጦ፣ የተረፈውን ኬብሉ ላይ ካለው የቻርጅ መቆጣጠሪያ ዕቃ ጋር ከግድግዳው ሶኬት ነቅሎ ወስዶታል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለው ኬብል በየግቢው እየበዛ ነው፤ በውስጡ ያለው መዳብ ደግሞ ገዥ አያጣም።

አዲስ ከገዛሁ በኋላ ጎረቤቴ ያገናኙኝን የኤሌክትሪክ ባለሙያ በአደባባይ ማመስገን እወዳለሁ። ዋጋ ከመናገራቸው በፊት መኪናውን አዙሬ እንዳቆመው አደረጉኝ፤ የቻርጅ ቀዳዳው ወደ ግድግዳው ሲዞር፣ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ያድር የነበረው 4 ሜትር ያህል ኬብል ከ1 ሜትር በታች ሆነ። ከዚያም ከ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሳጥን አሠርተው፣ ቡሎኖቹ ከውጭ እንዳይፈቱ ከውስጥ በኩል ከግድግዳው ጋር አሰሩት። ሶኬቱ፣ ብሬከሩና መቆጣጠሪያው ውስጥ ተቆልፈው ያድራሉ፤ ኬብሉ የሚወጣበት ቀዳዳም ሶኬቱ ላይ የሚሰካውን ጫፍ አያሳልፍም። ትርፉን ጠቅልዬ ልጎስረው ስል ከለከሉኝና፣ ተጠቅልሎ ኃይል የሚያስተላልፍ ኬብል እንደሚግል አስረድተው በሰፊው አንጠልጥለው አሳዩኝ፤ ከሳጥኑ ሥርም መተንፈሻ ከፈቱለት።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን ሌላ ነው። የድሮውን ሶኬት ሲፈቱ የመሬት መስመሩ ሽቦ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ሰው እንዳይዝ ወደ መሬት የሚወስደው፣ ከምንም ጋር እንዳልተያያዘ አገኙ፤ እኔ ስለ ሌባ ጠርቻቸው፣ እሳቸው ልጆቼ መኪናውን እንደሚነኩ አስበው፣ መሬት ውስጥ ዘንግ ቀብረው መስመሩን ሳያስተካክሉ አልሄዱም።

ሥራቸውንም አላጋነኑም። «በቻርጅ ላይ እያለ ውጭ ያለውን መቁረጥ ይቻላል፤ ሳጥኑ የሚጠብቅልዎት ሲመልሱት ነው» ብለው በግልጽ ነገሩኝ፤ እኔም ቻርጁ እንዳለቀ ኬብሉን ወደ ሳጥኑ ሳልመልስ አልተኛም።

ስልካቸውን እንድሰጥ ስለፈቀዱልኝ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የዕቃውን ደረሰኝ ከእጅ ዋጋቸው ለይተው ያስረክባሉ።