«የተሟላ» ተብሎ የተሸጠልኝ የአንድ ጀርመናዊ ወታደር የግል ሰነድ

በርሊን ከሚገኝ የአሮጌ ሰነዶች መሸጫ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእግረኛ ጦር ያገለገለ የአንድ ተራ ወታደር ወረቀቶችን በ180 ዩሮ ገዛሁ። የደረሱኝ «ቬርፓስ» የተባለው የውትድርና አገልግሎት ደብተር፣ «ዞልድቡኽ» የተባለው የደመወዝ ደብተርና ሦስት ፎቶግራፎች ናቸው። ዞልድቡኽ ከወታደሩ ኪስ ሳይለይ ግንባር ድረስ የሚዘልቅ ሲሆን፣ ቬርፓስ ግን ባለቤቱ ከተመለመለ በኋላ በክፍሉ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ ስለነበር፣ ሁለቱን አንድ ላይ ያገኘ ሰው አንዱን በሌላው ማመሳከር ይችላል።

እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በዞልድቡኹ የመጀመሪያ ገጽ የሰፈረው የአንገት መታወቂያ ብረት ጽሑፍ በቬርፓሱ ከተመዘገበው ጋር ፊደል በፊደል ይገጥማል። የቬርፓሱ ፎቶግራፍ የተያዘባቸው የብረት ቀለበቶች ዝገው፣ ፊት ለፊት ባለው ገጽ ላይ ሁለት ቡናማ ክቦች አትመዋል፤ ፎቶው ተነቅሎ እንዳልተተካ ያሳመነኝ ይህ ነው። ከሁሉ ይልቅ ያቆየኝ ግን የዞልድቡኹ የፈቃድ ገጽ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1942 የተሰጠች የ14 ቀን የቤት ፈቃድ አለች፣ ከእርሷ በታች ያሉት መስመሮች በሙሉ ባዶ ናቸው። እዚያ ገጽ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየሁ።

ቅሬታዬ «የተሟላ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ከፎቶግራፎቹ በአንዱ ጀርባ ባለ አምስት አሃዝ የጦር ሜዳ ፖስታ ቁጥር በእርሳስ ተጽፎ አይቼ ሻጩን ብጠይቀው፣ ከሰነዱ ጋር ደብዳቤዎች እንደነበሩና ለፖስታ ማኅተም ሰብሳቢዎች አንድ በአንድ እንደሸጣቸው ነገረኝ። ቁጥሩ የክፍሉ ስምና ያለበት ቦታ በፖስታው ላይ እንዳይታወቅ ታስቦ የወጣ በመሆኑ፣ ደብዳቤው ከደብተሩ ሲነጠል ጸሐፊው በየትኛው ክፍል ሆኖ እንደጻፈው የሚያሳየው ቀላሉ ማስረጃ አብሮ ይሄዳል። የአንድን ሰው ወረቀት እንዲህ መበታተን በእኔ እምነት ከባድ ጥፋት ነው፤ ሻጩም ይህን ከክፍያ በፊት መናገር ነበረበት።

ስለ ወረቀቶቹ ትክክለኛነት ቅሬታ የለኝም፣ አልመልሳቸውምም። ከዚህ ሱቅ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ግን ከሰነዱ ተነጥሎ የተሸጠ ነገር መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ። ሻጩ አድራሻዬን ለደብዳቤዎቹ ገዢዎች ለማስተላለፍ ተስማምቷል፤ ቅጂ እንኳ ቢልኩልኝ ከደብተሮቹ ጋር አስቀምጠዋለሁ።