«ሙሉ ናስ፣ በእጅ የተሠራ፣ ጥንታዊ» የሚባሉትን የሂንዱ አማልክት ሐውልቶች ከመግዛታችሁ በፊት

ወገኖች፣ የሂንዱዎች የብርሃን በዓል ዲዋሊ ሲቃረብ ለሕንዳዊ ባልደረባ ወይም ለአሠሪ ስጦታ የሚፈልግ ሰው ይበዛል። ዱባይና ሻርጃ ላላችሁ ደግሞ ማስታወቂያው ስልካችሁ ድረስ ይመጣል፦ የጋኔሻ፣ የላክሽሚ ወይም የናታራጃ ሐውልት፣ «ሙሉ ናስ፣ በእጅ የተሠራ፣ ጥንታዊ፣ ዛሬ ብቻ በግማሽ ዋጋ»። ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ቤት የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ በናስ ቀለም የተለበጠ የዚንክ ቅይጥ ወይም የማዕድን ዱቄት የተቀላቀለበት ሬዚን (ደርቆ የሚጠነክር የፕላስቲክ ሙጫ) ነው። ሁለቱም ፎቶ ላይ ከናስ አይለዩም። ጥቂት ወራት ሲቆዩ ግን ዚንኩ ላይ ነጭ ዱቄት ይወጣል፤ ሬዚኑ ደግሞ ከጣቶቹና ከጫፎቹ ይሰበራል።

ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት ዋጋውን ሳይሆን ክብደቱን ይሁን። ሕንድ ውስጥ በናስ ሥራ በታወቁት በሞራዳባድና በአሊጋር ነጋዴው ተራውን የናስ ሐውልት በጅምላ የሚሸጠው በኪሎ ነው። ስለዚህ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የማይነግር ሻጭ ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። ክብደቱን ከነገራችሁ በኋላ ያንኑ ያህል ውዳቂ ናስ አካባቢያችሁ ስንት እንደሚያወጣ አጣሩ። ተቀርጾ፣ ተሞርዶና ተወልውሎ የመጣ ዕቃ ከውዳቂው በታች ከተሸጠ ናስ ሊሆን አይችልም።

በቪዲዮ ማግኔት አስጠግቶ «አያችሁ፣ አይስብም» የሚለውን ሻጭ አትመኑ። ማግኔት ናስን አይስብም፤ ልክ ነው። ግን ዚንክንም፣ አሉሚኒየምንም፣ ሬዚንንም አይስብም። ማግኔት ከሳበ ውስጡ ብረት አለ ማለት ነው፤ ካልሳበ ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም። ማግኔቱን ከመቀመጫው በታች ማስጠጋት ግን ይጠቅማል፤ ቀላል ሬዚን ከባድ እንዲመስል ከሥሩ ብረት ይጨመርበታልና።

የማያታልለው ምርመራ የውሃው ነው። የወጥ ቤት ሚዛን፣ ሐውልቱን የሚውጥ ዕቃ እና ክር ይበቃል። ሐውልቱን ደረቁን መዝኑት፤ 1,700 ግራም ሆነ እንበል። ቀጥሎ ውሃ ያለበትን ዕቃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። ሐውልቱን በክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አስገቡት፤ ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ ያዙት። ሚዛኑ አሁን የሚያሳየው ግራም ሐውልቱ የያዘው ቦታ በሴንቲሜትር ኩብ ነው። 1,700ን ለዚያ ቁጥር አካፍሉ። ሚዛኑ 200 ካለ ውጤቱ 8.5 ይሆናል፤ ናስ ከ8.4 እስከ 8.7 ድረስ ነው። 255 ካለ ውጤቱ 6.7 ገደማ ነው፤ ይህ የዚንክ ቅይጥ ነው። አሉሚኒየም 2.7 ይሰጣል፤ ዱቄት የተቀላቀለበት ሬዚን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያም ያንሳል።

ይህን ምርመራ የሚያበላሸው አየር ነው። ውስጡ ክፍት የሆነ ሐውልት ክፍቱ ወደ ታች ሆኖ ከገባ አየሩ ውስጥ ይቀርና ናሱን ዚንክ ያስመስለዋል። ውሃው ውስጥ እያዘነበላችሁ አረፋው እስኪያልቅ ጠብቁ። ሥሩ በሲሚንቶ ወይም በጨርቅ የታሸገ ከሆነ ስሌቱ አይሠራም። እንዲህ ያለውን ዕቃ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ማሸጊያውን አንስቶ ያሳያችሁ። ሥሩ ላይ በማይታይ ቦታ በሞረድ ትንሽ መቧጨርም ፍርዱን ይሰጣል፤ ቢጫው ከላይ ብቻ ሆኖ ከሥሩ ግራጫ ከወጣ ልባጥ ነው። ጥቁሩ «ጥንታዊ ቀለም» በአሴቶን በራሰ ጥጥ ሲነካ ጥጡን ካጠቆረው ቀለም ተቀብቷል ማለት ነው።

«በእጅ የተሠራ» የሚለው ቃል ደግሞ ከሁሉም በላይ አላግባብ የሚነገድበት ነው። ታሚል ናዱ ውስጥ በካቬሪ ወንዝ ዳር ያለችው ስዋሚማላይ ለዚህ ሥራ የታወቀች ናት። እዚያ ሥታፓቲ የሚባሉት ባለሙያዎች ቅርጹን መጀመሪያ ከንብ ሰምና ከዛፍ ሙጫ ይሠራሉ፤ በወንዙ ደለል ደጋግመው ይሸፍኑታል፤ ያደርቁታል፤ ሰሙን አቅልጠው ካስወጡ በኋላ ብረቱን ያፈሱበታል። ጭቃው ተሰብሮ ስለሚወጣ ያ ቅርጽ አይደገምም። የእኛን አገር የጥንት መስቀሎች አሠራር የሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ በሰም ቀርጾ ማቅለጥ ላሊበላም ስዋሚማላይም የቆየ ጥበብ ነው። እንግዲህ «በእጅ የተሠራ» እየተባለ ቧጨራው ሳይቀር አንድ ዓይነት የሆነ ሐውልት በብዛት ከተደረደረ የወጣው ከፋብሪካ ቅርጽ ነው። በሞራዳባድ በአሸዋ ቅርጽ የሚቀልጠው ናስ በራሱ ነውር የለበትም፤ ጥሩና ጠንካራ ዕቃ ነው። ነውሩ በስዋሚማላይ ዋጋ መሸጡ ላይ ነው።

ምልክቶቹን ማወቅ እዚህ ላይ ገንዘብ ያድናል። ናታራጃን ውሰዱ፤ የሚደንሰው ሺቫ ነው፤ አራት እጅ አለው። የኋላ ቀኝ እጁ የፍጥረት ምልክት የሆነችውን ወገበ ቀጭን ከበሮ ይይዛል፤ የኋላ ግራው የጥፋቱን እሳት። የፊት ቀኙ መዳፉን ዘርግቶ «አትፍሩ» ይላል፤ የፊት ግራው ደረቱን አቋርጦ ወደ ተነሣው ግራ እግሩ ይጠቁማል። ቀኝ እግሩ የቆመው አፓስማራ በሚባል የድንቁርና ምሳሌ በሆነ ድንክ ላይ ነው። ያወቀ እጅ የሠራው ከሆነ የከበሮው ወገብ ከጣቶቹ ተለይቶ ይታያል፤ እሳቱ ምላስ አለው፤ ድንኩም ዓይንና አፍ አለው። በርካሹ ላይ ከበሮውና እሳቱ ሁለቱም ድቡልቡል እብጠት ናቸው፤ ድንኩ ደግሞ ትራስ መስሏል። የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሻ ከሆነ አንዱ የዝሆን ጥርሱ የተሰበረ መሆን አለበት፤ እጁ ላይ ጣፋጩ፣ እግሩ ሥር አይጡ መለየት አለባቸው። ለሚያመልክበት ሰው እነዚህ ጌጥ አይደሉም። የተሰበረ ሐውልትም በልማዱ ለአምልኮ አይሆንም፤ ስለዚህ ክንድና አንገት ላይ የተበየደ ወይም በሙጫ የተጣበቀ መስመር መኖሩን በእጅ ባትሪ እያበራችሁ ፈልጉ። ከሰጣችሁት በኋላ ከሚታወቅ ሳትሰጡት ብትቀሩ ይሻላል።

«ፓንቻሎሃ ነው፤ አምስት ብረት፤ ወርቅና ብር አለበት» ተብሎ ዋጋው ሲቆለል ተጠንቀቁ። ፓንቻሎሃ እውነተኛ ልማድ ነው፤ ግን ወርቁና ብሩ እጅግ ጥቂት ስለሆነ በዓይን የሚለየው የለም። የኤክስሬይ መመርመሪያ ያለው ወርቅ ቤት ሊለካው ይችላል። መሣሪያው የሚያነበው ላዩን ብቻ ስለሆነ የሚለካው ተሞርዶ በተገለጠ ቦታ ላይ ይሁን።

«ጥንታዊ፣ 200 ዓመት የሆነው፣ ባለፈው ወር ከሕንድ የመጣ» የሚል ካጋጠማችሁ ወዲያው ተዉት። የሕንድ የ1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የቅርስ ሕግ ከ100 ዓመት በላይ የሆነውን ሐውልት የግል ነጋዴ ከአገር እንዲያወጣ አይፈቅድም። ስለዚህ ሻጩ ወይ ስለ ዕድሜው ይዋሻል፣ ወይ የተሰረቀ ወይም በሕገወጥ መንገድ የወጣ ዕቃ እየሸጠ ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ጋለሪ እንኳ በሚሊዮን ዶላር የገዛው ናታራጃ ከታሚል ናዱ ቤተ መቅደስ የተሰረቀ ሆኖ ተገኝቶ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ለሕንድ መልሷል። ዕቃውም ገንዘቡም ከእጃችሁ ይሄዳል።

አሁን ወደ «ነፃ ስጦታው» እንምጣ፤ ከሐውልቱ ጋር የሚላከው ምንነቱ ያልተጻፈበት የማጽጃ ጠርሙስ። ብዙዎቹ አሲድ ናቸው። አሲድ ናስን በደቂቃ ያበራል፤ ግን ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነውና ዚንኩን ቀድሞ ስለሚበላ ላዩ ላይ ቀላ ያለ የመዳብ ጥላ ይቀራል። ሎሚና ጨውም፣ አቼቶም ያው ናቸው፤ በተለይ ጨው ጌጡ ስንጥቅ ውስጥ ከቀረ ደጋግሞ የሚመለስ አረንጓዴ ዱቄት ያመጣል። የአሞኒያ ሽታ ያለውን የመስታወት ማጽጃም አታስጠጉት፤ በእንግሊዝ ዘመን ሕንድ ውስጥ የጦሩ የናስ ቀልሃዎች በዝናብ ወራት ፈረስ በረት አጠገብ ሲቀመጡ ይሰነጠቁ የነበረው ከሽንት በሚወጣው አሞኒያ ነው። ልባጥ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ጠርሙሱ ልባጡን በአንድ እጥበት ያነሣዋል፤ ሻጩም «በአጠቃቀማችሁ ነው የተበላሸው» ይላችኋል።

ለእውነተኛ ናስ የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አቧራውን አራግፉ። ሲቆሽሽ ለብ ያለ ውሃና ጥቂት የዕቃ ሳሙና ይበቃል፤ ወዲያው አድርቁት፤ እጥፋቶቹን በጨርቅ ጫፍ ተከታተሉ። ከደረቀ በኋላ ስስ የሰም ቅባት መቀባት የእጅ ላብ እንዳይነካው ይከላከላል። ቫርኒሽ የተቀባውን ግን አትወልውሉት፤ ቫርኒሹ በየቦታው ሲነሣ ዥንጉርጉር ይሆናል። ብዙ ቀልጦ የሚሠራ ናስ ጥቂት እርሳስ ስላለበት ከወለወላችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ፤ ጨርቁን ለሌላ አትጠቀሙበት። ለአምልኮ የሚሰጥ ከሆነ ይህ ይበልጥ ያሳስባል፤ ወተት፣ እርጎ፣ ማር፣ ቅቤና ስኳር ፈስሶበት ከዚያ የሚቀምሱ አሉና፣ ምንነቱ ያልታወቀ ልባጥ ለእንዲህ ያለ ቤት አይሰጥም።

አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ አታጽዱት፣ አትሞርዱትም። ሚዛን ላይ ሆኖ ቁጥሩ እንዲታይ፣ ከዚያም ውሃው ውስጥ ሆኖ ፎቶ አንሡት፤ ሥሩንና የማስታወቂያውን ጽሑፍ ከነዋጋው አስቀሩ፤ ማስታወቂያው ሊሰረዝ ስለሚችል ዛሬውኑ። በካርድ ከከፈላችሁ ባንካችሁ ለቅሬታ የሰጠው ቀን ሳያልፍ «የተገለጸው ዕቃ አልደረሰኝም» ብላችሁ ከነማስረጃው አመልክቱ። በሐዋላ ወይም በእጅ ክፈሉ የሚላችሁ ሻጭ ይህች በር እንድትዘጋ ስለሚፈልግ ነው።