ስታዲየም አካባቢ ስላለው የፓቶሎጂ ላብራቶሪ

ልጄ አንገቱ ላይ ንፍፊት ወጥቶበት፣ ትኩሳቱና የጉሮሮ ሕመሙ ሲጠናበት መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ በመርፌ ናሙና ወስዶ «ሊምፎማ ያጠራጥራል» የሚል ወረቀት አስያዘን፤ ንፍፊት ውስጥ ካሉ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚነሳ ካንሰር ማለት ነው። ያስረዳን ሰው የለም። ያን ሌሊት ቤታችን እንቅልፍ አልነበረም።

ይህን ላብራቶሪ የማመሰግነው ሐኪሟ ሳይቸኩሉ ስለመረመሩት ነው። አዲስ ደም አስቀድተው ስላይዱን ራሳቸው አዩ፤ ከዚያ እኔንም ማይክሮስኮፑ ላይ አስጎነበሱኝ። ትልልቅ ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ጠርዛቸው አጠገባቸው ባለው ቀይ ሕዋስ ዙሪያ ተጣብቆ። «እናቴ፣ እንዲህ ዓይነቶቹ ብዙ ጊዜ በቫይረስ ምክንያት የሚመጡ ናቸው» አሉኝ።

የጠረጠሩት ኤፕስታይን ባር ቫይረስን ነበር። ይህ ቫይረስ በ1964 እ.ኤ.አ. የተገኘው በቡርኪት ሊምፎማ ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ በወጣቶች ላይ ደግሞ ንፍፊቱን አሳብጦ የሆጅኪን ሊምፎማን የሚመስሉ ግዙፍ ሕዋሳት ሊያሳይ ይችላል። በመርፌ የሚወጣው ጥቂት ሕዋስ የንፍፊቱን ሙሉ አሠራር ስለማያሳይ መለየቱ ይከብዳል። የአንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተው ፕሮቲን) ምርመራው ኢንፌክሽኑ የቅርብ መሆኑን አሳየ። ቲቢም አስመረመሩ፤ አገራችን ውስጥ የአንገት እብጠት ሲታይ እሱን መዝለል አይገባም።

በጣም የወደድኩት፣ ቫይረሱ መገኘቱ ብቻ ሊምፎማን እንደማያስቀር በግልጽ መጻፋቸው ነው፤ እብጠቱ ካልጎደለ ንፍፊቱ ሙሉውን ወጥቶ በኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ፣ ማለትም የሕዋሳቱን ዓይነት በአንቲቦዲና በቀለም በሚለይ ምርመራ፣ ይታያል።

ዋጋው ቀላል አይደለም፣ ግን የእያንዳንዱን ሒሳብ አስቀድመው ይነግራሉ። መቀመጫው ጠባብ ነው፤ ጠዋት ሂዱ። የልጄ አንገት እየጎደለ ነው፣ ቀጠሮውንም አንቀርም።