ከስትሮክ በኋላ የማደርገው የእግር ድጋፍ፦ የ9 ወር ልምዴ

አንድ ቀን ማታ ልጄ አጠገቤ እየሄደች «አባዬ፣ ነገ ፈተና አለኝ» አለችኝ። ሳልቆም መለስኩላት። ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እኔ ግን ስትሮክ ከመታኝ ወዲህ እየሄድኩ ማውራት አልችልም ነበር። ሰው ካናገረኝ ቀጥ ብዬ ቆሜ ነው የምመልሰው። ሐሳቤ ሁሉ ግራ እግሬ ላይ ነበር። እንዳይወድቅብኝ፣ እንዳይጠለፍብኝ። ግራ እግሬ ላይ የማስረው የፕላስቲክ ድጋፍ ምን ሠራልህ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምነግረው የዚያን ማታውን ነው።

ስትሮኩ ግራ ጎኔን ነው ያደከመው። እጄ ቀስ በቀስ መጣልኝ፣ ጉልበቴም ጠና። የእግሬ ጣቶች ግን ወደ ላይ ቀና ማለት እምቢ አሉ። ስራመድ የጫማዬ ጫፍ መሬት ይጠርጋል። ምንጣፍ ጠርዝ ላይ፣ የበር ደፍ ላይ ይይዘኛል። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ፊዚዮቴራፒስቴ ስታስረዳኝ፣ ከቅልጥም ፊት ለፊት ያለው እግርን ቀና የሚያደርገው ጡንቻ ከአንጎል የሚደርሰው ትእዛዝ ደክሟል፤ ባት ላይ ያለው ጡንቻ ደግሞ ይጠነክርና እግሩን ወደ ታች ይጎትታል አለችኝ።

ድጋፉ ኤኤፍኦ (AFO) ይባላል፤ የቁርጭምጭሚትና የእግር ድጋፍ ማለት ነው። የኔው ከፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ከጉልበት ዝቅ ብሎ ይጀምርና በባት ጀርባ ወርዶ፣ ተረከዝን አቅፎ ከጣቶች ሥር ያልቃል። እግሬን በጀሶ ለክተው በልኬ ነው የሠሩት። ቁርጭምጭሚቴን ወደ 90 ዲግሪ አድርጎ ይይዘዋል። ሌላ ነገር የለውም። ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው።

አሁን ስለ ቆዳ ልንገራችሁ፤ ትልቁን ስህተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነውና። በመጀመሪያው ቀን ለ1 ሰዓት ብቻ አድርግ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምር ተብዬ ነበር። ሲያወልቁት የሚታይ ቅላት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ካልጠፋ ፕላስቲኩ እየተጫነ ነው ማለት ነው። እኔ በደስታ ብዛት በሦስተኛው ቀን ሙሉ ቀን አደረግኩት። ግራ እግሬ ስሜቱ የቀነሰ ስለሆነ ምንም አላመመኝም። ማታ ሳወልቀው የቁርጭምጭሚቴ የውጭ አጥንት ላይ ውሃ ቋጥሯል። እስኪድን 5 ቀን ያለ ድጋፍ ቆየሁ። ድጋፉን የሠራው ባለሙያ በኋላ ፕላስቲኩን እዚያ ቦታ ላይ በሙቀት አለስልሶ ትንሽ ወደ ውጭ ገፋልኝ፤ ችግሩ በዚያው ተፈታ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ማታ ተረከዜን በትንሽ መስታወት አየዋለሁ። እግራችሁ የማይሰማችሁ ከሆነ እባካችሁ ይህን አትዝለሉ። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ከእኔም በላይ ይጠንቀቅ።

የጫማውን ነገር ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። የድሮ ጫማዎቼ አንዳቸውም ድጋፉን አላስገቡም። አንድ ቁጥር የሚበልጥ፣ አፉ ሰፋ ብሎ የሚከፈት፣ የውስጥ ንጣፉ የሚወጣ ጫማ ያስፈልጋል። ቀኝ እግሬ ውስጡ እንዳይዋኝ በዚያኛው በኩል ንጣፍ ደርቤያለሁ። ከቁጥሩ ይልቅ ግን የተረከዙ ከፍታ ነው ቁም ነገሩ። ድጋፉ የተስተካከለው ለአንድ የተረከዝ ከፍታ ነው። ከፍ ያለ ጫማ ስታደርጉ ቅልጥማችሁን ወደ ፊት ይገፋውና ጉልበት ይከዳል። ዝቅ ያለ ከሆነ ጉልበታችሁን ወደ ኋላ ይገፋዋል። እኔ ለአንድ ሰርግ ሌላ ጫማ ቀይሬ ሄጄ፣ በማግስቱ ጉልበቴ ሲያመኝ ዋለ።

በቅርቡ የ10 ሜትር የእግር ጉዞ ሙከራ አድርገን ነበር። በዚያው ቀን ያለ ድጋፉ 19 ሰከንድ፣ ከድጋፉ ጋር 15 ሰከንድ ሄድኩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ድጋፍ 26 ነበር የሚፈጅብኝ። ከ26 ወደ 19 ያመጣኝ ልምምዱና ጊዜው ነው። የፕላስቲኩ ድርሻ 4ቷ ሰከንድ ናት። ትንሽ ትመስላለች፤ አለመደናቀፍን ግን ሰዓት አይለካውም።

አክስቴ «ልጄ፣ እግርህን ያሰንፈዋል» ትለኝ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበርና ጠየቅኩ። ፊዚዮቴራፒስቴ የሰጠችኝ መልስ፣ ለመሄድ አድርገው፣ ለልምምድ አውልቀው የሚል ነው። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ጣቶቼን ቀና ለማድረግ እሞክራለሁ፣ ባቴንም በፎጣ እስበዋለሁ። ሰባተኛው ወር ላይ አውራ ጣቴ ትንሽ ተነሳች። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት፤ አለቀሰች።

የማይመቸኝም አለ። ቁርጭምጭሚቴ ስለማይታጠፍ ቁልቁለት ላይ ጉልበቴን ወደ ፊት ይገፋኛል፤ ከዘራዬን በቀኝ እጄ ሳልይዝ አልወርድም። ቁጢጥ ማለት አይታሰብም። ያልባል፤ ረጅምና ስፌት የሌለው የጥጥ ካልሲ ከሥሩ ግድ ነው። ማታ ማታ እግሬ ስለሚያብጥ ማሰሪያው ይጠብቃል። በጣም የሚያስፈራኝ ግን ሌሊት ነው። ሽንት ቤት ለመሄድ ድጋፉን ያለ ጫማ ማድረግ ያምረኛል። ፕላስቲኩ ወለል ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጫማውን ጨምሬ አስራለሁ፤ ቢቸኩለኝም።

ፕላስቲኩ እስካሁን አልተሰነጠቀም። የሚጣበቀው ማሰሪያ ክርና ፀጉር እየሰበሰበ መያዝ ስላቆመ አንዴ ተቀይሯል። በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ማጠፊያ ያለውን ያስሞክሩኛል። ይዤው መጀመሪያ የምሄደው ወደዚያው ቁልቁለት ነው።