ስብ የሚለካው ሚዛን ለዳገት ሯጭ ይጠቅማል?

ይሄን ሚዛን መጠቀም ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። በባዶ እግር ትወጡበታላችሁ፣ ኪሏችሁን፣ የስብ ፐርሰንታችሁንና የጡንቻችሁን መጠን ስልካችሁ ላይ ያወጣላችኋል። የገዛሁት ዳገት ስለምሮጥ ነው። ሽቅብ ሲሆን የራስን ኪሎ ተሸክሞ መውጣት ነውና ትርፍ ስብ ቶሎ ይታወቃል።

ኪሎ ላይ ጎበዝ ነው። ሦስቴ ብትወጡበት ሦስቴም ያው ነው። ችግሩ ስቡ ላይ ነው።

አንድ ቀን ረጅም ዳገት ሮጬ፣ ላቡ ማልያዬ ላይ ነጭ ጨው ሆኖ እስኪደርቅ ደክሜ፣ በቂ ውሃ ሳልጠጣ ተኛሁ። ጠዋት ስመዘን ኪሎዬ በ1.4 ቀንሷል፣ ስቤ ግን በ2 ፐርሰንት ጨምሯል! በአንድ ሌሊት ስብ ከየት ይመጣል? ሚዛኑ ለካ ስቡን አያየውም። በአንዱ እግር ደካማ ኤሌክትሪክ ይልክና በሌላው ይቀበላል። ውሃ የሞላው ጡንቻ በቀላሉ ያሳልፈዋል፣ ስብ ያግደዋል። ሰውነት ውሃ ሲያጣም ኤሌክትሪኩ እንደ ልብ አያልፍም፣ ሚዛኑ ይሄንንም ስብ ብሎ ይቆጥረዋል። ከወገብ በላይ ያለውን ደግሞ በአብዛኛው ከቁመት፣ ከዕድሜና ከፆታ ተነስቶ ይገምታል። አፑ ላይ "አትሌት" የሚለውን ስመርጥ ስቤ ወዲያው በ4 ፐርሰንት ወረደ፣ ኪሎዬ ግን ንቅንቅ አላለም።

ይሄን ሳላውቅ የሠራሁት ስህተት እስካሁን ያበሽቀኛል። ለውድድር ሁለት ቀን ሲቀረኝ ካርቦሃይድሬት ጨምሬ ስበላ ኪሎዬ በ1.5 ከፍ አለ። ደነገጥኩና የዋዜማውን ራት ተውኩት። ሁለተኛው ዳገት ላይ እግሬ ከዳኝ፣ እየተራመድኩ ጨረስኩ። ያ ጭማሪ ስብ አልነበረም። ካርቦሃይድሬት ጡንቻ ውስጥ የሚከማችበት መልክ ግላይኮጅን ይባላል፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። የውድድሬ ነዳጅ እሱ ነበር።

ከከባድ ቁልቁለት በኋላ ባሉት ቀናትም ቁጥሩን አትመኑት፤ የተጎዳ ጭን ያብጣል፣ ውሃ ይይዛል።

ከገዛችሁት፣ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሳችሁ፣ ሳትበሉ ሳትጠጡ ተመዘኑ፤ የሳምንቱን አማካይ ብቻ እዩ። ኪሎ እየወረደ ዳገቱ ከከበዳችሁ፣ እንቅልፍ ከራቃችሁ፣ ሴቶች ደግሞ የወር አበባ ከቆመባችሁ የምትበሉት አልበቃችሁም ማለት ሊሆን ይችላልና ሐኪም ጋ ሂዱ። ሚዛኑ ይሄን አይነግራችሁም።

እኔ አሁን የምጠቀምበት ለኪሎ ብቻ ነው። ለኪሎ ብቻ ከሆነ ደግሞ ስብ የማይለካው ተራው ሚዛን ይበቃችኋል።